በአባባ መነጽር ላይ የተውኳቸው ጭረቶች

ለምወድህ ወንድሜ ለወዳጆ፤

እንደምን አለህልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ ወባ ተወህ ወይስ አሁንም እየተመላለሰ ያንቀጠቅጥሃል? ሚስትህ መድኃኒትስ? ቀኗ እየደረሰ ነው ብለህ ልከህብን ነበርና ማርያም በሽልም ታውጣት። ከባድ ዕቃ እንዳታነሳ፣ ውሃውን አንተው ቅዳላት፣ ሰው ምን ይለኛል አትበል። አከራያችሁስ እንዴት ናቸው? እኔን ብትጠይቀኝ ቆሜ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ አምላክ አልተወኝም። እማዬም ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ደህና ነው፤ ዛሬ ጠዋት እንኳ ከጎረቤታችን ጋር በአጥር ላይ ስለ ዶሮ ተጨቃጭቃ፣ አሸንፋ ነው የገባችው።

ናፍቆቴን ልጻፍልህ ብል ወረቀቱ አይበቃኝም፤ ዛሬ ደግሞ ወረቀቱን ለሌላ ነገር እፈልገዋለሁ። ልቤ አልቀመጥ ብሎኛል ወዳጆ። ሁለት መስመር እጽፍና እነሳለሁ፣ በሩን ከፍቼ አያለሁ፣ ማንም የለም፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ስለዚህ ከላይ ከታች ብዘባርቅ አትፍረድብኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ታዲዎስ ነው፤ በባቡር የሚሠራው፣ የቂርቆስ ልጅ፣ ታውቀዋለህ። በፖስታ አልላክሁትም፤ ፖስታ የሚከፍቱ ዓይኖች ብዙ ናቸው። ከደብዳቤው ጋር በፋኔላ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይሰጥሃል። አውቅሃለሁ፣ አሁኑኑ ልትፈታው እጅህን እየበላህ ይሆናል። ተው ብዬሃለሁ! አንብበህ ስትጨርስ ትፈታዋለህ።

መርዶ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልንገርህና ልብህ ይረፍ። መርዶ በወረቀት እንደማይላክ፣ ማለዳ ሰው ተሰብስቦ እንደሚነገር እኔም አላጣሁትም። ግን አንድ አደራ አለብህ፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን እንዳትረሳ። በባቡር ጣቢያው በሚያልፉት እስረኞች መካከል እየዞርክ አጥናፉ የሚባል ታውቃላችሁ ወይ ማለትህን ከዛሬ ጀምሮ አቁም። የአባባን ስም እዚያ ጣቢያ ላይ በአፍህ እንዳታነሳው። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ፤ ከመጀመሪያው ካልነገርኩህ አይገባህም።

ሥራ መግባቴን ልኬብህ ነበር፤ ምን እንደምሠራ ግን አልነገርኩህም። ከቤታችን ወደ ላይ፣ ጣሊያኖቹ ለሠራተኞቻቸው ቤት ሠርተው በደረደሩበት መንደር አጠገብ ሙሴ ካራፔት የሚባል አርመን ሱቅ አለው። መንደሩን አሁን ሰዉ ሁሉ ካዛንቺስ ማለት ጀምሯል፤ የሕዝብ አፍ መቼም የማያላምደው ነገር የለ። ሙሴ ካራፔት መነጽር ይጠግናል፣ ብዕር ይጠግናል፣ የራዲዮን ሣጥን ያድሳል። እሱ ከፊት ደንበኛ ይቀበላል፤ እኔና ኩልሱም ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጠን እንወለውላለን። ኩልሱም የሰንጋ ተራ ልጅ ናት፤ ስትስቅ ሱቁ ይናወጣል። ፈረንጆቹ ዕቃቸውን ማን እንደነካው ባያዩ ስለሚመርጡ መጋረጃው አይከፈትም።

የምንወለውለው ምን መሰለህ? ቀንድ የሚመስል ግን ቀንድ ያልሆነ፣ የዝሆን ጥርስ የሚመስል ግን ጥርስ ያልሆነ ነገር ነው። በፋብሪካ አቅልጠው ነው የሚሠሩት አሉ። ጠንካራውን፣ የራዲዮን ሣጥንና የስልክ እጀታ የሚሆነውን ባክላይት ይሉታል፤ ማበጠሪያና የመነጽር ክፈፍ የሚሆነው ደግሞ ሴሉሎይድ ነው። ሲያረጅ ይጫጫራል፣ ይገረጣል፣ ወዙ ይጠፋል። እኛ አዲስ አስመስለን እንመልሰዋለን። ግን ቁጣ አይወድም፤ እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ። ሴሉሎይዱን መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ታጥበዋለህ፤ የፈላ ውሃ ካገኘው ይጣመማል። ጥልቅ ጭረት ካለው ደቃቁን የብርጭቆ ወረቀት ውሃ ነክረህ በቀስታ ታሸዋለህ። ያኔ ጭራሽ ይደበዝዝና አበላሸሁት ትላለህ፤ እኔም መጀመሪያ ቀን አልቅሻለሁ። ከዚያ ፈረንጆች ጥርሳቸውን የሚያጥቡበትን ነጭ ዱቄት በዘይት ጠብታ ለውሰህ፣ በአሮጌ ፋኔላ፣ ክብ ክብ እያደረግህ፣ ሳትጫን ታሸዋለህ። በመጨረሻ ሰም ትቀባውና በመዳፍህ ትጨርሰዋለህ፤ ወዙን የሚመልሰው መዳፍ ነው።

ሲታሽና ሲሞቅ ካፉር ካፉር ይሸታል። ኩልሱም በመጀመሪያው ሰሞን ምሳ አልበላ ብላት ነበር፤ በእነሱ ዘንድ ሬሳ ሲታጠብ ካፉር ስለሚደረግበት እጄ የለቅሶ ቤት ሸተተኝ ትል ነበር። እሳት ካየ ደግሞ አይጣል ነው፤ እንደ ባሩድ ነው የሚነድደው።

አሁን ትስቃለህ። አባባ ስልክ ቤት ጸሐፊ ሳሉ የገዙትን ቡናማ መነጽር ታስታውስ የለ? የጥምቀት ዋዜማ እማዬ ድስቱን ስትፈትግ፣ የናሱን መስቀል ስትፈትግ፣ አይ እሱስ ለምን ይቀርበታል ብላ መነጽሩንም አብራ በአመድ ፈተገችው! ወዙን ገፍፋ፣ ክፈፉን ክብ ክብ አጫጭራ፣ በኩራት ይዛላቸው መጣች። አባባ አገላብጠው አይተውት፣ አንቺ አስቻለች፣ ዓይኔንም ድስት አደረግሽው ወይ አሏት። ምስጋና ስትጠብቅ እንዲህ ሲሏት አኩርፋ በዓሉን ሙሉ አላናገረቻቸውም። ሌላ ክፈፍ ይግዙ ቢባሉ ግን እንቢ አሉ። ሲያነቡ ደግሞ አውልቀው የቀኙን ዘንግ ጫፍ ይነክሱ ነበር፤ ጫፉ ተነካክሶ ያለቀ የበቆሎ ራስ መስሎ ነበር። ያ ክርክር የሚል ድምፅ እንዴት ያናድደኝ እንደነበር አትጠይቀኝ። አሁን ብሰማው ምን በሰጠሁ።

ጣሊያኖቹ አባባን ከወሰዷቸው ወዲህ ቤታችን እንዴት እንደሆነ መቼም ታውቃለህ። በዚያ በየካቲቱ መዓት አንተ በጓሮ አጥር ዘለህ ወጣህ፣ ተኮሱብህ፣ እሳቸውን ከፊት ለፊት በካሚዮን ጭነው ወሰዷቸው። ከዚያ በኋላ አሉ ወይም የሉም የሚል ቃል አልመጣም። አንዱ ሱማሌ በረሃ፣ ዳናኔ ናቸው ይላል፤ አንዱ ባሕር አሻግረዋቸዋል ይላል፤ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። ዘንድሮ ዝም የሚሉት በዙ። ከፋሲካ በኋላ ጎረቤቶቹ የነፍስ አባታችንን ይዘው መጡና፣ አስቻለች፣ በቃ ለቅሶ ተቀመጪ፣ ተዝካሩን አውጪለት፣ ነፍሱን አታንከራትቺ አሏት። እማዬም ሬሳውን አምጡና ያኔ አለቅሳለሁ፣ በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር አልደግስም፣ በጸሎታችሁም ስሙን ከሕያዋን ጋር አንሱልኝ ብላ ሸኘቻቸው።

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ልቧ ፈርቶ ነበር። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ነጩን ነጠላዋን አጣጥፋ ለብቻው አስቀመጠችው። ምነው ስላት፣ እስከ ሰኔ ሚካኤል አንድ ምልክት ካልመጣ ጥቁር አስነክረዋለሁ አለችኝ። ሚካኤል እየቀረበ ነበር።

እንዲህ ባለ ሰሞን ነው እንግዲህ። አንድ ጠዋት ሙሴ ካራፔት መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አንድ መነጽር ሰጠኝ። አንድ ሾፌር ነው ያመጣው፣ የተሰበረውን ዘንግ እኔ እቀጥለዋለሁ፣ አንቺ ግን ጭረቱን ሁሉ አጥፊው፣ የተነከሰውንም ጫፍ ሞርደሽ አስተካክዪው፣ አዲስ ይምሰልልኝ ብሏል አለኝ። እኔም እንደ ማንኛውም ሥራ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ሳሙናውን አለቅልቄ ወደ መስኮቱ ባነሳው ክብ ክብ የሆነ ጭረት አየሁ። ዓይኔ አላመነም። የቀኙን ዘንግ ጫፍ በአውራ ጣቴ ስዳስሰው ግን እጄ አወቀው። ወዳጆ፣ የአባባ ጥርስ ነው። የፊት ጥርሳቸው ሽራፊ እንኳ ሳይቀር አለ። የያዝኩት ሁሉ ከእጄ ወደቀ። ኩልሱም ምን ሆንሽ ስትለኝ ካፉሩ አዞረኝ አልኳት።

ምልክት መጣ ብዬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? ግን ምን ዓይነት ምልክት! አባባ ያለ መነጽር ደጅ አይወጡም፤ የገዛ ልጃቸውን ከጎረቤት ልጅ አይለዩም። ሳይሞቱ ማን ከፊታቸው ላይ ይወስደዋል? ይህ ሾፌር የተባለው ሰው ከሬሳ ላይ ገፍፎ፣ አስወልውሎ ሊያጌጥበት ነው አልኩ። ይህ ሐሳብ አንዴ ከገባ አልወጣ አለኝ። ለእማዬ እንዳልነግራት ነጠላውን ወዲያውኑ ጥቁር ታስነክረዋለች። እንዳልተወው ደግሞ እንዴት እተወዋለሁ? ሙሴ አልቋል ወይ ሲለኝ፣ ጭረቱ ጥልቅ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል እለዋለሁ፤ መነጽሩን መቀነቴ ውስጥ ሸጉጬ የሰው ማበጠሪያ ሳሽ እውላለሁ። ቤት ስገባ እማዬ መቀነትሽን ለምን አትፈቺም ትለኛለች። ብርድ ነው እላታለሁ። በግንቦት ፀሐይ!

ከዚያ ሰውዬው ተመልሶ መጣ። ገብረዋህድ ይባላል፤ የሐማሴን ሰው ነው፣ የጣሊያን ካሚዮን ይነዳል። መነጽሬ ደረሰ ወይ፣ አማረ ወይ እያለ ሲስቅ ከመጋረጃው ኋላ ሰማሁት። መሳቁ ነው ያሳበደኝ። መጋረጃውን ገፍቼ ወጥቼ፣ መነጽሩን አፍንጫው ሥር ይዤ፣ የማንን ዓይን ነው የገፈፍከው፣ አንተ የሬሳ ሌባ ብዬ ጮህኩበት። ሌላም ብዙ ብያለሁ፤ እዚህ ልጽፈው አፍራለሁ፣ እማዬ ሰምታኝ ቢሆን በርበሬ ታጥነኝ ነበር። ሱቁ ውስጥ አንዲት ጣሊያን ሴትዮ ነበረች፤ ደንግጣ ወጣች። ገብረዋህድ ፊቱ አመድ መሰለ። መነጽሩን እጄ ላይ ትቶ፣ ወጥቶ ሄደ።

ሙሴ ካራፔት ጭንቅላቱን ይዞ፣ ሱቄን ልታዘጊው ነው ወይ፣ ካራቢኜሪ ፖሊስ ልትጠሪብኝ ነው ወይ እያለ በአርመንኛም በአማርኛም ሰደበኝ። ሌላ ቢሆን ያን ዕለት ያባርረኝ ነበር። እሱ ግን ወደ ቦታዬ መለሰኝ፣ መጋረጃውን ዘጋው።

ተቀምጬ ስረጋ መነጽሩን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሠራተኛ አየሁት። የእማዬ የአመድ ጭረት ጥልቅ ነው፤ ግን አርጅቶ ጠርዙ ለስልሷል። ከላዩ ሌላ ጭረት አለ፤ ደቃቅ፣ አዲስ። የአሸዋ ነው። በውጭም በውስጥም፣ ማጠፊያው ሥር ሳይቀር ገብቷል፤ ሰው በጨርቅ ጠቅልሎ አሸዋ ውስጥ ይቀብረው የነበረ ይመስላል። ለምን መነጽር ይቀበራል? አልገባኝም። ከዚያ ጫፉን አየሁ። አሮጌው ንክሻ ውስጡ ጠቁሯል፤ ከአጠገቡ ግን ገና ያልቆሸሸ ንክሻ አለ። ያው ጥርስ፣ ያው ሽራፊ። ኩልሱምን ጠርቼ እዪው አልኳት፤ ሁሉንም ነገርኳት። አየችውና የሞተ ሰው አይነክስም አለች። አንተ ትሙት፣ ይህን ስትለኝ ተነስቼ ቆምኩ፤ ከዚያ ወዲህ እስካሁን በቅጡ የተቀመጥኩ አይመስለኝም።

አሁን ምን ይደረግ? የሚያውቀውን አንድ ሰው በገዛ ምላሴ አባርሬዋለሁ። ኩልሱም ሾፌሮቹ ሥጋ የሚበሉት ሰንጋ ተራ ነው፣ ተነሽ አለችኝ። ሙሴን ሳናስፈቅድ ወጣን። ከአንዱ ሥጋ ቤት ወደ ሌላው እየገባን ገብረዋህድን አያችሁ ወይ እያልን ስንጠይቅ የሚስቅብን ይስቃል፣ የሚጠቅሰን ይጠቅሰናል። ኩልሱም አንዱን እንደ ወንድ ሰደበችልኝ። በመጨረሻ አንድ ሥጋ ቆራጭ፣ ካሚዮኑን ለጅማ እየጫኑለት ነው፣ ዛሬ ይወጣል ብሎ በእጁ አሳየን። ሮጥን።

ከካሚዮኑ ሥር ተኝቶ ብረት ሲመታ አገኘነው። ሲያየኝ በሌላው ጎን ሊወጣ ተነሳ። እኔም ሌላ ነገር አልመጣልኝም፤ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንስቼ አንገቴ ላይ አድርጌ አጎንብሼ ቆምኩ። ሰዉ መሰብሰብ ጀመረ። ገብረዋህድ ኧረ በማርያም አውርጂው፣ ሰው ሰበሰብሽብኝ አለ። ይቅር ብዬሻለሁ ካላልከኝ አላወርድም አልኩት። ይቅር ብዬሻለሁ፣ አንቺ ሴት፣ ይቅር ብዬሻለሁ አለኝና ድንጋዩን ራሱ ከአንገቴ ላይ አንስቶ ጣለው። ወዳጆ፣ አፍሬም አላበቃሁም፣ ገና ስሙን ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

እንዲህ ብሎ ነገረኝ። ከሱማሌ በረሃ የተፈቱ እስረኞችን ወደ ሐረር ሲያመላልስ ከርሟል። በአንዱ ጉዞ ወባ ጣለው፤ አንድ ሽማግሌ እስረኛ በሸማቸው ሸፍነው፣ ከራሳቸው ላይ ቀንሰው ውሃ እየሰጡ አስታመሙት። ሐረር ደርሶ ሲያወርዳቸው ከመቀነታቸው አንድ ነገር ወደቀ፤ ሳያይ ረገጠው። መነጽር ነበር። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው መሬቱን ሲዳብሱ ሲያይ ማየት እንደማይችሉ ገባው። አስጠግኜ እመልስልዎታለሁ ብሎ ማለላቸው። ቢፈቱም አገራቸው እስኪገቡ በዘብ ነው የሚሄዱት፣ ለእነሱ ዕቃ ማድረስም ክልክል ነው፤ እኔ በሱቁ ውስጥ ስጮህ የፈራው ይህን ነበር። እንጀራውን ብቻ አይደለም፣ አንገቱንም ላስቆርጠው ነበር።

ስማቸውስ ማነው አልኩት። ወልደ ሰማዕት አለኝ። ገበሬ ናቸው አለኝ። አባባ አጥናፉ ናቸው እንጂ ወልደ ሰማዕት የሚባል አናውቅም፤ ሞፈር እንኳ ይዘው አያውቁም። መነጽሩ ከሟች ወደ ሌላ ሰው የዞረ ነው አልኩ። ኩልሱም ክንዴን ደግፋ ያዘችኝ። ገብረዋህድ ሳዝን ሲያየኝ፣ እንግዲህ ጥፋት አለብኝ፣ ሽማግሌው ዘንጉን ብቻ አስቀጥልልኝ ብለውኝ ነበር፣ አሳምሬ ላስደስታቸው ብዬ ነው እንድትወለውሉት ያዘዝኩት አለ። ምን ብለው ከለከሉህ አልኩት። ጭረቱን እንዳያስነኩብኝ፣ በአመድ የጫረችው ሚስቴ ናት ብለውኛል አለኝ።

እዚያው ሰንጋ ተራ መንገድ ላይ እልል አልኩ። ሰዉ አበደች አለ። ይበል።

ቤት ስገባ እማዬ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። መነጽሩን ከመቀነቴ ሳላወጣ፣ እማዬ፣ ወልደ ሰማዕት ማነው አልኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች። ይህን ስም ማን ነገረሽ አለችኝ። የአባትሽ የክርስትና ስም ነው፣ ከእኔና ከነፍስ አባቱ በቀር የሚያውቀው የለም አለችኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም አፈሰስኩት። መነጽሩን ሰጠኋት። ክብ ክቡን ጭረት በጣቷ ዞረችው፣ ዞረችው፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ደረቷን መታች፣ ከዚያ ደግሞ ሳቀች። ጭረቱን አታስነኩብኝ ማለታቸውን ስነግራት ግን ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሽንኩርቱ ነው አለች። ለብቻው ያስቀመጠችውን ነጭ ነጠላ አወጣችና አጥባ አጥር ላይ ሰጣችው፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ እንዲያዩት።

ነገሩም ያን ጊዜ ነው የተፈታልን። ገብረዋህድ እንዳለው፣ ዳናኔ ውስጥ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር የተባለ ሁሉ አይፈታም፤ ገበሬና ነጋዴ ነው የሚፈታው። አባባ አጥናፉ ማነው ሲባል ዝም ብለው፣ ወልደ ሰማዕት የሚባል ገበሬ ሆነው ነው የተረፉት። ገበሬ መነጽር አያደርግም፤ አሸዋ ውስጥ የሚቀብሩት ለዚህ ነበር። ማንም በማያያቸው ጊዜ አውጥተው ጫፉን ይነክሱ ነበር ማለት ነው። አየህ ወዳጆ? አንተ በሚያልፈው እስረኛ ሁሉ ፊት አጥናፉ፣ አጥናፉ ስትል የከረምከው ለካ ያልነበረ ሰው ስትፈልግ ነው። አሁን ደግሞ ያንን ስም ከጠራኸው ሰው ይሰማል፣ እንደገና ይመልሷቸዋል። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስህ እሳቸው ጣቢያው ደርሰው ቢሆንስ? ታዲዎስን ባቡሩን በእጅህ ግፋው አልኩት፤ ሳቀብኝ።

እንግዲህ ጨርቁን መፍታት ትችላለህ።

ሙሴ ካራፔት ዘንጉን ቀጥሎታል፤ ነገሩን ስነግረው የሥራ ዋጋ አልቀበልም ብሎ ዓይኑን እየጠረገ ወደ ውስጥ ገባ። እኔም የድርሻዬን ሠርቻለሁ። በብርጭቆ ወረቀት አልነካሁትም። በነጭ ዱቄቱ ብቻ፣ ሳልጫን፣ ሳልቸኩል፣ የበረሃውን አሸዋ አጥፍቼዋለሁ፤ ዓይናቸው ፊት ያ በረሃ እንዳይኖር። ሰም ቀብቼ በመዳፌ ጨርሼዋለሁ። የእማዬን አመድና የራሳቸውን ጥርስ ግን ትቻቸዋለሁ።

አሁን የምልህን ስማ። ገብረዋህድ ወደ ጅማ ታዟል፣ ሐረር አይመለስም። አባባ እግራቸው አብጦ ሐረር ቆይተዋል፤ ሲሻላቸው ከሌሎቹ ጋር ወደ አንተ ወርደው በባቡር ይጫናሉ፤ ዛሬም ሊሆን ይችላል፣ ነገም። ወደ ሐረር የሚያወጣ ይለፍ ካገኘህ ሂድ፤ ካላገኘህ ከጣቢያው እንዳትጠፋ። እንዳትጮህ፣ እንዳትሮጥ፣ አባባ ብለህ እንዳትጠራቸው። እሳቸው አያዩህም፤ አጠገብህ ቆመውም አያዩህም። ድሬዳዋ መሆንህንም አያውቁም፤ ያን ዕለት የተኮሱብህን ጥይት ሰምተው ነው የሄዱት፣ ምናልባት አልቅሰውልህ ይሆናል። ስለዚህ አንተ ነህ እያንዳንዱን ሽማግሌ ማየት ያለብህ። ከስተው ይሆናል፣ ጺማቸው ነጥቶ ይሆናል፣ እንዳታልፋቸው። ስታገኛቸው ቀስ ብለህ ቅረብና በሸማቸው ሥር መነጽሩን እጃቸው ላይ አኑርላቸው። አንተ ምንም አትናገር። ጫፉን ይዳስሱታል። የማን እንደሆነ ጣታቸው ይነግራቸዋል። ከዚያ ገለል ያለ ቦታ ስትደርሱ ያደርጉታል፣ ያዩሃል።

ይህን ወረቀት ምድጃ ውስጥ ክተተው፤ ስታቃጥለው ግን መነጽሩን አርቅ። ከእሳት አጠገብ እንዳታስቀምጥብኝ፣ አደራ!

ለመድኃኒት ሰላምታዬን በጉንጯ ሳምልኝ፤ የሚወለደው ወንድ ቢሆን ስሙን እኔ አወጣለሁ፣ እንዳትቀድሙኝ። ለአከራያችሁ እጅ ነስቻለሁ በልልኝ። ኩልሱም ሳታውቅህ ሰላም ትልሃለች፤ ወንድምሽ እንዳንቺ ተናካሽ ነው ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። ታዲዎስን ውሃ አጠጣው፣ ምሳ አብላው፣ በባዶ እጁ እንዳትመልሰው፤ አገኘኋቸው ወይም አላገኘኋቸውም የምትለዋን ቃል አስይዘው። እማዬ ዓይንህን ትስማለች።

ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ስጽፍልህ መጨረሻው ላይ ስደርስ አንድ ሰው እየዘለልኩ ነበር። ዛሬ አልዘልም። ለወልደ ሰማዕት ሰላምታ አድርስልኝ። ዘሪቱ ናፍቀዋታል፣ ጫፉን እንደ ፈለጉ ይንከሱት፣ ከእንግዲህ አትናደድም በላቸው። እማዬም መልእክት አላት፤ ቃል በቃል ጻፊልኝ ብላ አጠገቤ ቆማለች፤ ይምጣ እንጂ ለጥምቀት በአመድ አላሸውም በለው ብላለች።

እህትህ ዘሪቱ

ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት ፳፯ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት